ችፌ ያለባቸው ሰዎች ስለ ሰላጣ ቅጠል የሚሠሯቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ በጾም ወቅት በየዓይነቱ ሲቀርብ ሰላጣ ከጎኑ አይጠፋም፤ ችፌ ያለበት ሰው በማግስቱ ቆዳው ሲያሳክከው ጥፋቱን ወዲያውኑ በቅጠሉ ላይ ያሳብባል። የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው። የሰላጣ ቅጠል አለርጂ ቢኖርም ብርቅ ሲሆን፣ ችፌ ባለባቸው ሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው የእንቁላል፣ የወተትና የለውዝ አለርጂ ነው። ችፌ ያለ ምግብም የሚነሣና የሚበርድ ሕመም ነው፤ የደሴ ደረቅ ብርድም ሆነ የኮምቦልቻ ሙቀት የሚያመጣው ላብ ሊያባብሰው ይችላል።

ሁለተኛው፣ መለብለብን ከአለርጂ ጋር ማምታታት ነው። ሰላጣው ላይ የተጨመቀ ሎሚና የቲማቲም ውሃ የሕፃንን የተሰነጣጠቀ ከንፈርና የአፍ ዙሪያ ያቀላሉ። ከምግብ በፊት ቫዝሊን መቀባት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ከሁሉ ይልቅ ችላ የሚባለው ግን ቅጠሉን የሚያጥቡና የሚከትፉ ሰዎች እጅ ነው። የሰላጣ አገዳ ሲቆረጥ ከቁስሉ ወተት መሰል ነጭ ፈሳሽ ያወጣል፤ በውስጡ ያሉት ሴስኩቴርፒን ላክቶን የተባሉ ንጥረ ነገሮች በአንዳንድ ሰዎች ቆዳ ላይ የንክኪ አለርጂ ያስነሣሉ። ቀኑን ሙሉ በምግብ ቤት ጓዳ በውሃና በበረኪና ሲያጥብ ለሚውል ሠራተኛ ጉዳቱ ድርብ ነው፤ ምክንያቱም የተጎዳ ቆዳ ባዕድ ነገርን በቀላሉ ያስገባል። ያለ ችግር የሚበላው ቅጠል እጁን ብቻ ሊያቆስለው ስለሚችል፣ መብላቱን ከማቆሙ በፊት ከውስጥ የጥጥ፣ ከላይ ከላቴክስ ያልተሠራ ጓንት ቢያደርግና ከታጠበ በኋላ እጁን ቅባት ቢቀባ ይሻላል። ችፌ አለ ብሎ ቅጠሉን ሳያጥቡ መብላት ግን ለጥገኛ ትላትሎች መጋለጥ ነው።

አሳሳቢው ስህተት የልጅን ምግብ በግምት መቀነስ ነው። የደም ወይም የቆዳ ምርመራ ውጤት ፖዘቲቭ መሆኑ ብቻውን አለርጂን አያረጋግጥም፤ ልጁ ሲበላ የሚታይበት ምልክት አብሮ ሊመዘን ይገባል። ችፌ ያለበት ልጅ ሲስማማው የኖረውን ወተት ወይም እንቁላል ለረጅም ጊዜ ከተከለከለ፣ እንደገና ሲጀምር ከባድ አለርጂ ሊነሣበት ይችላል፤ ዕድገቱም ይጎዳል። ስለዚህ ውሳኔው ከሐኪም ጋር ይሁን።

ፈጣን የምግብ አለርጂ በአብዛኛው ከተበላ በደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሰውየው ከደከመ፣ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል።