በሥራ ላይ ሳይታሰብ ንብረት ሲበላሽ፦ ሠራተኞችና አሠሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አስተናጋጅ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ሲያመልጠው ወይም የቢሮ ሠራተኛ በድርጅቱ ላፕቶፕ ላይ ቡና ሲደፋ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው ቃል «ከደመወዝህ ይቆረጣል» የሚለው ነው። ይሁን እንጂ ማን እንደሚከፍልና እንዴት እንደሚከፈል የሚወሰነው በአለቃው ቁጣ አይደለም፤ ሕግ ወሰን አበጅቶለታል። ከዚህ በታች የተጻፈው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደሩትን ይመለከታል፤ የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው አዋጅ አላቸው።

የመጀመሪያው ስህተት ጉዳቱን መደበቅ ነው። ሠራተኛው በአደራ የተሰጠውን የሥራ መሣሪያ በጥንቃቄ የመያዝ፣ የድርጅቱን ጥቅም የሚጎዳ ነገር ሲያጋጥምም ወዲያውኑ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በድንገት የተሰበረ ዕቃ የሚያስከትለው ጥያቄ የገንዘብ ብቻ ሲሆን፣ የተሸሸገ ስብራት ግን የታማኝነት ጥያቄ ሆኖ ሠራተኛውን ከነበረበት ይልቅ የከፋ ቦታ ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ በዚያው ዕለት ሰዓቱን፣ ቦታውንና የነበረውን ሁኔታ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ የተበላሸውን ዕቃም ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል።

ሁለተኛውና እጅግ የሚያሳስበኝ ስህተት በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ «ሙሉ ዋጋውን እከፍላለሁ» በሚል ወረቀት ላይ መፈረም ነው። በአዋጁ አንቀጽ 59 መሠረት አሠሪ ከደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ሲፈቀድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። እንግዲህ ሌላው በር ሁሉ በተዘጋበት ጊዜ አሠሪው የሚያስፈልገው የሠራተኛውን ፊርማ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ሠራተኛውም ጥፋቱ ሳይጣራ ጥበቃውን በገዛ እጁ ይሰጣል። የሆነውን ነገር መግለጽና ዕዳን ማመን የተለያዩ ስለሆኑ በአንድ ወረቀት ላይ ሊቀላቀሉ አይገባም። ስለ ክፍያው የሚጠየቅ ሰው የሠራተኛ ማኅበሩን ወይም የሕግ ባለሙያ እስኪያማክር ጊዜ ቢጠይቅ መብቱ ነው። መክፈል እንዳለበት ቢወሰን እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም፤ 9,000 ብር የሚያገኝ ሰው በወር ከ3,000 ብር በላይ አይቆረጥበትም።

ሌላው ስህተት ማንኛውንም ጉዳት በሠራተኛው ጥፋት መመዝገብ ነው። ወለሉ ርጥብ ነበር ወይ? ፎርክሊፍቱ ፍሬኑ ከተበላሸ ስንት ጊዜ ሆነው? ሠራተኛው በማሽኑ ላይ ሥልጠና አግኝቷል ወይስ ያለ ዕረፍት ሁለተኛ ፈረቃ ላይ ነበር? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተጎጂው ራሱ ለጉዳቱ በከፊል ምክንያት ከሆነ ካሣውም በከፊል እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ያረጀ መሣሪያ ሰጥቶ ያሠራ ድርጅትም ይህን ጥያቄ መመለስ አለበት። በተመሳሳይ ሁኔታ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚፈቅደው ጉዳቱ ሆን ተብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ሲደርስ ነው፤ ከእጅ ያመለጠ ብርጭቆ ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። አሠሪው ይህን ምክንያት ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀናት ካሳለፈም የማሰናበት መብቱ ይቀራል።

ዋጋ አተማመን ላይ የሚሠራው ስህተትም ቀላል አይደለም። ካሣ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን ስላለበት፣ አምስት ዓመት ያገለገለ ኮምፒውተር ተበላሽቶ የአዲሱን ዋጋ ማስከፈል አሠሪውን ያለ አግባብ ያበለጽገዋል። ተሽከርካሪ ሲጋጭ ደግሞ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ኢንሹራንሱ ምን ያህሉን እንደሸፈነ ነው፤ መድን ድርጅቱ የከፈለውን ጥገና ከሾፌሩ ላይ ደግሞ መቀበል በአንድ ጉዳት ሁለት ጊዜ መካስ ነው።

የተጎዳው የደንበኛ ንብረት ከሆነ ሠራተኛው ከኪሱ አውጥቶ ለመገላገል መቸኮል የለበትም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2130 መሠረት ሠራተኛ ሥራውን ሲያከናውን ላደረሰው ጉዳት አሠሪው ለተጎጂው ኃላፊ ነው።

ሥራ በሚለቀቅበት ጊዜ ደግሞ ክሊራንስ፣ ማለትም ሠራተኛው የድርጅቱን ንብረት ማስረከቡን የሚያረጋግጠው ወረቀት፣ የክፍያ መያዣ ይሆናል። የሥራ ውል ሲቋረጥ ደመወዝና ሌሎች ክፍያዎች በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለባቸው፤ ጊዜው ሊራዘም የሚችለው ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የተረከበውን ንብረት ወይም ገንዘብ ሳይመልስ ሲያዘገይ ነው። በሒሳቡ ላይ ክርክር ካለም አሠሪው ያልተካደውን ክፍል በወቅቱ መክፈል ይኖርበታል። ስለዚህ ሠራተኛው የተረከባቸውን ዕቃዎች በዝርዝር አስፈርሞ ይመልስ፣ የተፈረመበትንም ቅጂ ይያዝ፤ የሚያከራክረውን ዕቃ ለይቶ በጽሑፍ ያስመዝግብ፤ የቀረውን ክፍያ ግን በጊዜው ይጠይቅ።