ድመቴ ሌሊት መጮኋን ያቆመችበት መንገድ

ባለፈው ክረምት፣ ጅማ ሂርማታ አካባቢ ከምኖርበት ግቢ በር ላይ በዝናብ ርሳ ያገኘኋትን ድመት ወደ ቤት ባስገባሁ ጊዜ፣ ብቻውን የሚኖርና ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 ሥራ ላይ የሚውል ሰው ድመት ማሳደግ መቻሉን እጠራጠር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአልጋ ሥር አልወጣችም፤ እኔም ሳልጎትታት ምግብና ውኃ እዚያው አኖርሁላት። ከተላመደችኝ በኋላ ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ በሩን እየቧጠጠች ትጮህ ጀመር። ዝም እንድትል እየተነሣሁ ወተት መስጠቴ ሁለት ጉዳት አስከተለ፦ ብዙ ያደጉ ድመቶች የወተትን ስኳር መፍጨት ስለማይችሉ ሆዷ ተበላሸ፤ መጮህ ምግብ እንደሚያስገኝላትም ተማረች።

ለእብድ ውሻ በሽታ ላስከትባት የወሰድኋት የእንስሳት ሐኪም፣ ሕመም እንደሌለባት ካረጋገጠ በኋላ፣ ድመት በተፈጥሮዋ ንጋትና ምሽት ላይ እንደምትነቃ፣ ቀኑን ብቻዋን ተኝታ ስለምትውልም ጉልበቷ ለሌሊት እንደሚተርፍ አስረዳኝ።

ከዚያ ወዲህ ማታ 3 ሰዓት ላይ በገመድ ጫፍ የታሰረ ጨርቅ እየጎተትሁ 15 ደቂቃ ያህል አሯሩጣታለሁ፤ ወዲያው የተቀቀለ ሥጋ አበላታለሁ፤ ድመት አድና ከበላች በኋላ ትተኛለችና። (ገመዱን ከጨዋታው በኋላ ቆልፌ አስቀምጠዋለሁ፤ ከዋጠችው አንጀቷን ሊጎዳው ይችላል።) ቀን ወፎችን እንድታይ መስኮቱ ሥር ሣጥን አቆምሁላት። ሌሊት ስትጮህ ግን ጨርሶ አልተነሣሁም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች ጩኸቷ ስለባሰ ክፉኛ አዘንሁ፤ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እግሬ ሥር ተኝታ አደረች።