ልብስ ስትጨምቁ ክርናችሁን ለሚያማችሁ

ጀበና አንስታችሁ ቡና ስትቀዱ ክርናችሁን በውጭ በኩል ውግት ያደርጋችኋል? ልብስ ስትጨምቁ፣ የበር እጀታ ስታዞሩ፣ ሰው ስትጨብጡስ? እንግዲያው ይህን አንብቡ።

ሐኪሞች ቴኒስ ኤልቦው የሚሉት ህመም ነው። አብዛኞቹ ታማሚዎች ግን ቴኒስ ተጫውተው አያውቁም። ልብስ በእጃቸው የሚያጥቡ፣ ቀለም ቀቢዎች፣ አናጢዎች፣ ፀጉር ሠሪዎች፣ ቀኑን ሙሉ ማውዝ ይዘው የሚውሉ፣ አረብ አገር ሰው ቤት ሲወለውሉና ሲተኩሱ የሚያመሹ እህቶቻችን ናቸው። ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 55 የሆኑ ሰዎች ላይ ይበዛል።

የተጎዳው አጥንቱ አይደለም፣ ጅማት ነው። የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሱት ጡንቻዎች በጅማት የሚያያዙት ክርናችሁ ላይ በውጭ በኩል ጎላ ካለችው አጥንት ጋር ነው። አንድ ነገር ጠበቅ አድርጋችሁ በያዛችሁ ቁጥር አንጓችሁ እንዳይታጠፍ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ለዚህ ነው ክርናችሁን ሳታንቀሳቅሱ ዕቃ ስትጨብጡ ብቻ የሚያማችሁ።

ቤታችሁ ሆናችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ፣ መዳፋችሁ ወደ መሬት ይይ፣ ክርናችሁ ቀጥ ይበል። ከዚያ ሌላ ሰው የመሃል ጣታችሁን ወደ ታች ሲጫናት እናንተ እንዳትወርድ ያዟት። በዚህ ጊዜ ያችው አጥንት አካባቢ ካመማችሁ ነገሩ ይህ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ነገር ግን ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከደነዘዙ፣ ህመሙ ከአንገት የሚወርድ ከሆነ፣ ክርኑ ካበጠና ከቀላ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ከወደቃችሁ በኋላ የጀመረ ከሆነ ከታች ያለውን ልምምድ ሳትጀምሩ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያደርገው እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ማሳረፍ ነው። ለጥቂት ቀናት ያስታግሳል። ለሳምንታት ከቆየ ግን ጡንቻው ይደክማል፣ ጅማቱም ሥራ መሸከም ያቅተዋል፣ ወደ ሥራ ስትመለሱ ህመሙም አብሮ ይመለሳል። ሌላው ወጌሻ ጋ መሄድ ነው። ወጌሻን እናምናለን፣ አውቃለሁ፣ ግን እዚህ የወለቀም የዞረም ነገር ስለሌለ የሚመለስ የለም፤ የተጎዳውን ጅማት በኃይል ማሸት ደግሞ ያባብሰዋል። ክንዱን በቅባት ለስለስ አድርጎ ማሸት ግን ችግር የለውም።

ጅማትን የሚያጠነክረው በልኩ የሚጨመር ጫና ነው። የፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና፣ ዋናው ሥራም ይኸው ነው።

ህመሙ ገና ትኩስ ከሆነ በዚህ ጀምሩ። ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ፣ መዳፋችሁ ወደ ታች ይሁንና አንጓችሁ ከጠርዙ ይውጣ። በሌላው እጃችሁ የታመመውን እጅ ጀርባ ወደ ታች ተጫኑ፤ የታመመው እጅ ደግሞ ሳይንቀሳቀስ ይግፋ። ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ያዙ፣ አንድ ደቂቃ ያህል አሳርፉ፣ 4 ወይም 5 ጊዜ ድገሙ። በየቀኑ ሥሩት።

ይህ ከቀለላችሁ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሞልታችሁ ያዙ፤ ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። ክንዳችሁ ከላይ እንዳልኩት ጠረጴዛው ላይ ይረፍ። በደህናው እጅ እየረዳችሁ የታመመውን አንጓ ወደ ላይ አንሱት፣ ከዚያ ደህናውን እጅ ልቀቁና በታመመው ብቻ ቀስ እያላችሁ አውርዱ። ቀስ ስል እስከ 4 እየቆጠራችሁ ማለቴ ነው። ጥቅሙ ያለው በማውረዱ ላይ ነው፣ ስለዚህ አትቸኩሉ። ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ 3 ዙር። ምንም ሳይከብዳችሁ 15 ከሞላችሁ የአንድ ሊትሩን ያዙ።

ትንሽ ቢያማችሁ አትደንግጡ። ህመሙን ከ10 ብትለኩት እስከ 3 ወይም 4 ድረስ ይፈቀዳል፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት እስከተመለሰ ድረስ። ካልተመለሰ ክብደቱን ቀንሱ እንጂ አታቁሙ።

የቤቱን ሥራም ቀየር አድርጉት። ልብስ ከመጠምዘዝ በሁለት መዳፍ ሳፋው ላይ ተጭናችሁ ውኃውን አውጡት፤ ብርድ ልብስ ሁለት ሆናችሁ ጭመቁ፣ ካልሆነም እየተንጠባጠበ ይሰጣ። ዕቃ ስታነሱ መዳፋችሁ ወደ ላይ ይሁን፣ ክርናችሁም ታጥፎ ከጎናችሁ አይራቅ። የሙቀጫውን ዘነዘና ለጊዜው ለሌላ ሰው ስጡ። ማውዝ የምትይዙ ክንዳችሁ ጠረጴዛው ላይ ይረፍ።

ፋርማሲ የሚሸጠው የክርን ማሰሪያ ሥራ ላይ ያግዛል። የሚታሰረው ከሚያማችሁ አጥንት 2 ወይም 3 ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ጡንቻው ላይ ነው፤ ስትተኙ አውልቁት። መርፌው ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። ክርን ላይ የሚወጋው የስቴሮይድ (ህመም የሚያስታግስ መድኃኒት) መርፌ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀለል ያደርጋል፣ ሰውም ይወደዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ግን ከዓመት በኋላ የተወጉት ስቴሮይድ ካልተወጉት ባነሰ መጠን እንደዳኑና ህመሙም ይበልጥ እንዳገረሸባቸው አሳይቷል። ሐኪማችሁ መርፌ ካላችሁ ይህን አንሱና ጠይቁ።

ለውጡን ለማየት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ጠብቁ። በዚህ ጊዜ ምንም ካልተሻላችሁ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይያችሁ፤ ትከሻና አንገታችሁንም ይመረምራል። ከተሻላችሁም ሃይላንዱን አትጣሉት። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ለጥቂት ወራት ቀጥሉ፣ ዘነዘናውንም መጀመሪያ ለአንድ ጀበና ቡና ብቻ አንሱ፣ በማግስቱ ካላመማችሁ ጨምሩ።