ለትውልድ ቀዬ ትምህርት ቤት ገንዘብ ከማሰባሰባችሁ በፊት፦ መሬቱ፣ መምህሩ፣ ደረሰኙ

ጣሪያው ያፈሰሰ ክፍል ፎቶ ከአገር ቤት ውጭ ላላችሁት በቴሌግራም ሲደርስ ሁሉም የሚጠይቀው «ስንት ይፈጃል?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ግቢው የይዞታ ማረጋገጫ አለው ወይ? ሽማግሌዎች በቃል ከልለው የሰጡት፣ ወረቀት የሌለው የትምህርት ቤት መሬት በየክረምቱ ይሸራረፋል። አንዱ ጎረቤት እርሻውን ሁለት ትልም ይገፋል፤ ቦታው ከተማ ቀመስ ከሆነ ደግሞ ዳር ዳሩን ሱቅ ይበቅልበታል። ክርክር ባለበት መሬት ላይ የቆመ ክፍል የልጆቹ መሆኑን ማንም ዋስትና ሊሰጣችሁ አይችልም።

ስለዚህ ርእሰ መምህሩ በማኅተም የተደገፈ ማመልከቻ ያስገባ፤ ገጠር ከሆነ ለወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣ ከተማ ከሆነ ለማዘጋጃ ቤቱ። ልኬቱ ሲካሄድ አዋሳኞች በሙሉ በቦታው ተገኝተው ይፈርሙ። የቀረ ሰው ካለ ነገ አቤት የሚለው እሱ ነው። የድንበር ድንጋይ ይተከል፤ በዚያው ክረምት ዙሪያውን ቅንጭብ ይተከልበት፤ ከብት አይበላውም፣ ወጪውም ጉልበት ብቻ ነው። የገጠሩን የይዞታ ደብተር ወይም የከተማውን የይዞታ ካርታ ቅጂ ሳታዩ ለግንባታ አንድ ዶላር አትሰብስቡ።

ቀጥሎ መምህሩ። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ደመወዝ የሚከፈለው ከወረዳው በጀት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ዕቅዱ ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ይሠራል። በመስከረም ለምትከፍቱት ክፍል ጥያቄው ጥር ወይም የካቲት ላይ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መድረስ አለበት። የምትቀበሉት ደብዳቤ የክፍል ደረጃውን፣ የትምህርት ዓይነቱንና የሚመደቡትን መምህራን ቁጥር ይጥቀስ። «አስፈላጊውን ትብብር እናደርጋለን» የሚል ደብዳቤ መምህር አያመጣም፤ አዲስ ክፍል ተቆልፎ ሸረሪት የሚያደራበት በዚህ ምክንያት ነው። ደመወዙን ከውጭ መክፈልን ግን አንመክርም። መዋጮው የቀዘቀዘ ዕለት ልጆቹ ያለ አስተማሪ ይቀራሉ።

ገንዘቡ በዘመድ ስም አይቀመጥ። ሰውዬው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ ከሞተ ወራሾች በስሙ ያለው ሒሳብ የእኛ ነው ይላሉ። በትምህርት ቤቱ ስም ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውል ሒሳብ ይከፈት፤ ርእሰ መምህሩና የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ሰብሳቢ በጣምራ ይፈርሙ። ለገባው ብር ሞዴል 64 (የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ)፣ ለተገዛው ዕቃ ሞዴል 19 (የዕቃ መቀበያ ደረሰኝ) ይቆረጥ፤ የሁለቱም ፎቶ ለአዋጪዎች በሙሉ ይላክ። ዴስክና ሲሚንቶ በሞዴል 19 ንብረት ክፍል ካልገባ የትምህርት ቤቱ ንብረት ሆኖ አይመዘገብም፤ ርእሰ መምህር ሲቀየር የሚጠፋውም እንዲህ ያለው ዕቃ ነው።

በአገር ቤት ውል የሚፈርምላችሁ ሰው ካስፈለገ ውክልናውን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ስጡ። አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ለሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ይቀርባል። «ጠቅላላ ውክልና» ብሎ መተው ስሕተት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ እንዲህ ያለው ውክልና ከተራ አስተዳደር ሥራ አያልፍም፤ የግንባታ ውል መዋዋልን፣ ክፍያ መፈጸምንና ክስ መመሥረትን አንድ በአንድ ጠቅሳችሁ አስጽፉ።

አሜሪካ ያላችሁ በጎፈንድሚ (የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያ) ስታሰባስቡ ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ እንደማይገባ እወቁ፤ አሰባሳቢው ባለበት አገር ወጥቶ ነው የሚላከው። ሰጪዎች ከግብር እንዲቀነስላቸው ከፈለጋችሁ 501(ሲ)(3) የሚባለው የአሜሪካ የበጎ አድራጎት ምዝገባ ባለው ድርጅት በኩል መሰብሰብ አለበት። በሳውዲና በኤምሬትስ ያላችሁ እኅቶችና ወንድሞች ደግሞ ተጠንቀቁ፤ እዚያ ያለፈቃድ ከሕዝብ መዋጮ መሰብሰብ በሕግ ያስጠይቃል። የየግል ድርሻችሁን በሕጋዊ መንገድ በቀጥታ ወደ ሒሳቡ ላኩ።

ግንባታው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ይለቅ። የተለመደው ክፍል 7 በ8 ሜትር ነው፤ 50 ተማሪ ሦስት ሦስት ሆኖ ከተቀመጠ 17 ኮምባይንድ ዴስክ (መቀመጫና ጠረጴዛው የተያያዘ) ይፈልጋል። ገንዘብ የሚበላው ቁፋሮው ላይ ነው። አፈሩ ዋልካ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም ይዞት ይሰነጠቃል። ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ጥቁሩ አፈር ወጥቶ በገረጋንቲ እየተጠቀጠቀ ይሞላ። ተቋራጩ መሠረቱን ከመሙላቱ በፊት ጉድጓዱ ውስጥ ሜትር ቆሞ ፎቶ ይነሳ፤ ከተሞላ በኋላ ጥልቀቱን የሚያይ የለም። ለጣሪያ ቆርቆሮ የጌጅ (የውፍረት መለኪያ) ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውፍረቱ ይጨምራል፤ ባለ 28 ጌጅ ተዋውላችሁ ባለ 35 እንዳይመጣ፣ ከመመታቱ በፊት የጌጁን ጽሑፍ በፎቶ ጠይቁ። ምስማሩ በጉብታው ላይ እንጂ በቦዩ ላይ አይመታ፤ ውኃ የሚወርደው በቦዩ ነውና ያፈስሳል።

ቅድሚያ ክፍያ ከ30 በመቶ አይብለጥ፤ ቀሪው መሠረት፣ ግድግዳና ጣሪያ ሲያልቅ በየደረጃው ይከፈል። 5 በመቶውን ግን አንድ ክረምት እስኪያልፍ ያዙት። መስከረም ላይ ወተመህ ክፍሉ ገብቶ የኮርኒሱን ማዕዘኖችና ከመስኮቶቹ በታች ያለውን ግድግዳ ይመልከት። የውኃ ምልክት ወይም ስንጥቅ ካለ ያ ገንዘብ ለመጠገኛ ይውላል፤ ከሌለ ለተቋራጩ ይለቀቅለት።