ትዝታ ጀምሬ ባቲ የምወርደው ለምንድን ነው? የጊታር ሶሎ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ውስጥ ጊታር የሚሞክር ልጅ አይጠፋም። ኮርድ ይይዛል፣ ዘፈን ያጅባል። «እስቲ ሶሎ ግባ»፣ ማለትም ዜማ ለብቻህ ተጫወት፣ ሲሉት ግን ጣቱ ይተሳሰራል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የሚከተሉት በራሴና አብረውኝ በሚለማመዱ ልጆች ላይ ያየኋቸው ናቸው።

ትዝታ ስጫወት ባቲ ይሆንብኛል

ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝ ይሄ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ናቸው። አንዴ ኮምቦልቻ ሰርግ ላይ በትዝታ ሜጀር ሶሎ ገባሁ። ስጨርስ አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው፣ ከኮምቦልቻ ባቲ ለመውረድ መኪና እንኳ አላስፈለገህም ብለው ሳቁብኝ። ቀልዱ የገባኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው፤ ባቲ የከተማም የቅኝትም ስም ነው።

ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ማይነር ከላ ሲነሳ ደግሞ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። አምስቱም ኖታዎች ያው ናቸው! የሚለያቸው ማረፊያቸው ነው። አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንለምደው 5ኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ያለውን የፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ኖታ) ቅርጽ ነው። እሱ ቤቱ ላ ነው። ስለዚህ ጣታችን ሳናዘው ሐረጉን ሁሉ ላ ላይ ይጥለዋል።

አዲስ ስኬል (የኖታ መሰላል) መሸምደድ አያስፈልግም። እዚያው ቅርጽ ውስጥ ዶን ፈልጉ፦ 6ኛው ወፍራም ክር 8ኛ ፍሬት፣ 3ኛው ክር 5ኛ ፍሬት፣ 1ኛው ቀጭን ክር 8ኛ ፍሬት። ዶ ሜጀር ኮርድን ለ3 ደቂቃ ያህል እየመታችሁ በስልክ ቅዱ። በላዩ ላይ እንደፈለጋችሁ ተጫወቱ፤ ሐረጉ የሚያልቀው ግን ዶ ላይ ብቻ ይሁን። ይሰለቻል፣ አልዋሻችሁም። ቀጥሎ ላ ማይነር ቅዱና እነዚያኑ ኖታዎች ላ ላይ አሳርፉ። ልዩነቱን ጆሯችሁ ይነግራችኋል።

አምባሰልም እንዲሁ ነው። ትዝታ ማይነር ከላ ሲነሳ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ነው። እነዚሁን ሚ ላይ ብታሳርፏቸው አምባሰል ይመጣል። አንቺሆዬ የራሱ ጣጣ አለው፤ ለጊዜው ይቆይ።

ሶሎዬ ሩጫ ይመስላል

ስኬሉን ትወጣላችሁ፣ ትወርዳላችሁ፣ ደግሞ ትወጣላችሁ። ምክንያቱ ጊታር ትንፋሽ አያጥረውም። አዝማሪ ግን ስንኙን ጥሎ ዝም ይላል፤ ማሲንቆው ይመልስለታል። ሶሎም እንደዚያ መልስ ነው።

መጀመሪያ ሐረጉን በአፋችሁ አዚሙት። ከዚያ ያንኑ በጊታር ፈልጉት። ያላዜማችሁትን አትምቱ። ትንፋሽ ስትስቡ ጣታችሁም ይረፍ። «ድምፄ አያምርም» የሚል ሰበብ አይሠራም፤ የእኔን የሰማ ጎረቤት ያውቀዋል።

ሌላም አለ። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ነው ያለው፣ ፍሬትም የለውም። ድምፁ ከኖታ ወደ ኖታ እየተንሸራተተ ይሄዳል። እኛ እያንዳንዱን ኖታ ለብቻው ስንነቅል ይደርቅብናል። ከአራት ኖታ አንዱን እንኳ በስላይድ (ጣትን ክሩ ላይ በማንሸራተት) ድረሱበት።

ቤት አሪፍ ነኝ፣ ከባንድ ጋር እጠፋለሁ

ብዙውን ጊዜ ችግሩ ምቱ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ማጀቢያ አብዛኛው በ4/4 (እየተቆጠረ በአራት የሚመላለስ ምት) ነው። ጭክጭካ የሚባለው የኛ ምት ግን 6/8 (በስድስት የሚመላለስ) ነው። ጊታሩን አስቀምጡና በእግራችሁ ምቱን እየረገጣችሁ አጨብጭቡ። ከዚያ የመጀመሪያውን ዙር «አንድ» ላይ ማረፊያውን ኖታ ብቻ ምቱ። ሌላ ምንም። ከበሮ መቺው ያመሰግናችኋል።

ቤንድ ሳደርግ ድምፁ ይበላሻል

የአኩስቲክ ጊታር ክር ብዙ ጊዜ ወፍራም ነው፤ 12 ቁጥር ክር ላይ ቤንድ ማድረግ (ክሩን በጣት ወደ ጎን ገፍቶ ድምፁን ከፍ ማድረግ) ትግል ነው። እዚያ ላይ ስላይድ ይሻላል። ኤሌክትሪክ ላይ 9 ወይም 10 ቁጥር ይበቃል። ከመግፋታችሁ በፊት ሁለት ፍሬት ከፍ ብላችሁ የምትደርሱበትን ድምፅ ስሙት፤ ከዚያ ተመልሳችሁ ግፉ።

ክሩ ራሱ ከቅኝት ወጥቶም ሊሆን ይችላል። የብረት ክር ሲሞቅ ይላላል፣ ሲበርደው ይከራል። ደሴ ብርድ ላይ የቃኛችሁትን ጊታር ይዛችሁ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ድምፁ ዝቅ ብሎ ይጠብቃችኋል። እንደደረሳችሁ ከሻንጣው አውጡት፣ ሻይ እስክትጠጡ አየሩን ይልመድ፣ ከዚያ ቃኙት።