«በወር 100 ሰዓት» አትበሉ፦ ለአብራሪ አባላት ስትጽፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ረዳት አብራሪ ነው፤ የሚደውለው ከሆቴል ክፍሉ ነው። ከስኬጁሊንግ፣ ማለትም የበረራ ምድብ ከሚያወጣው ክፍል፣ ቀስቅሰውት የነገውን ምድብ ቀይረውበታል። «ካፒቴን፣ እረፍት ላይ እያለሁ እንዲህ ማድረግ ይችላሉ እንዴ?» አለኝ። መልሱን ከሁለት ወር በፊት ከአብራሪዎች ማኅበራችን ለሁሉም አባል ልከናል። እሱም ስልኩ ላይ አለው፤ ከፍቶ አነበበልኝ። «በአንቀጽ 14 ንዑስ አንቀጽ 3 በተደነገገው መሠረት…» ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰው ሰውዬ ይቅርና እኔም አልገባኝም።

ማኅበሩ ውስጥ የጥቅማ ጥቅምና የሥራ ደንብ መልእክቶችን ስጽፍ ዓመታት አለፉ። አዲስ ተመራጭ በመጣ ቁጥር ያው ስህተት ይደገማል። አልፈርድም፤ አብዛኛውን እኔም ሠርቼዋለሁ። አንዱን ግን አሁን ሳየው ደሜ ይፈላል። ከሱ ልጀምር።

«በወር 100 ሰዓት» ብሎ መጻፍ

እባካችሁ፣ እባካችሁ! አንድ አብራሪ ቢበዛ ስንት ሰዓት መብረር እንደሚችል የሚወስነው የአውሮፓው ደንብ የሚለው በተከታታይ 28 ቀናት ውስጥ 100 የበረራ ሰዓት ነው። የአሜሪካው ደግሞ በሰዓት ቆጥሮ በተከታታይ 672 ሰዓታት ውስጥ 100 ይላል። 672ን ለ24 ስታካፍሉት ያው 28 ቀን ነው። ሁለቱም ቦታ ላይ «ወር» የሚል የለም።

«ያው አይደል፣ ምን ለውጥ አለው?» ያለኝ ተመራጭ ነበር። ወረቀት አውጥቼ ቁጭ አደረግኩት። 31 ቀን ያለውን ወር እንውሰድ። አብራሪው በመጀመሪያዎቹ 17 ቀናት 30 ሰዓት በረረ፤ በመጨረሻዎቹ 14 ቀናት ደግሞ 55። ድምሩ 85 ነው፤ ሰላም ነው። በቀጣዩ ወር በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት 50፣ ከዚያ በኋላ 30 በረረ። ድምሩ 80፤ ይሄም ሰላም ነው። አሁን የመጀመሪያውን ወር የመጨረሻ 14 ቀናት ከሁለተኛው ወር የመጀመሪያ 14 ቀናት ጋር ደምሩ። 28 ቀን፣ 105 ሰዓት። ሰውየው ገደቡን አልፏል፤ የማኅበሩን መልእክት ያነበበ ግን በሰላም ይተኛል።

ቆጠራው ወር በገባ ቁጥር ከዜሮ አይጀምርም። ዛሬ ላይ ቆማችሁ ወደ ኋላ 28 ቀን ትቆጥራላችሁ። ነገም እንደገና። የዓመቱም ገደብ እንዲሁ ያደናግራል፦ አውሮፓ ውስጥ በአንድ የካላንደር ዓመት 900፣ በተከታታይ 12 ወራት ደግሞ 1,000 ነው። አሜሪካ ውስጥ በተከታታይ 365 ቀናት 1,000። አንዱን ብቻ ጽፋችሁ ሌላውን ከተዋችሁ ግማሽ ደንብ ላካችሁ ማለት ነው።

«ሲስተሙ ራሱ ይቆጥርልናል» እንዳትሉኝ። የአሜሪካው ደንብ የሚከለክለው አየር መንገዱ ከገደብ በላይ እንዳይመድብ ብቻ አይደለም፤ አብራሪውም ምድቡን እንዳይቀበል ነው። ላይሰንሱ የሰውየው ነው። ሲጠየቅ «ማኅበሬ በወር ብሎኝ ነው» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም።

ለነገሩ የበረራ ሰዓትና የሥራ ሰዓት የተለያዩ መሆናቸውንም ሳትረሱ ጻፉ። ብሪፊንግ (ከበረራ በፊት የሚደረገው ገለጻ) ላይ የተቀመጣችሁበት ከበረራ ሰዓት አይገባም፤ ከሥራ ሰዓት ግን ይገባል።

ሕጉንና የኅብረት ስምምነቱን ማደባለቅ

ሕጉ ጣሪያ ነው። ማኅበሩ ከአየር መንገዱ ጋር የተፈራረመው የኅብረት ስምምነት ከጣሪያው ዝቅ ብሎ የተሻለ ነገር ሊሰጥ ይችላል። አባሉ ማወቅ ያለበት የተጣሰበት የትኛው እንደሆነ ነው፤ ምክንያቱም የሚሄድበት በር ይለያያል። ሕግ የሚጥስ ምድብ አይበረርም፣ አለቀ። ስምምነቱን ብቻ የሚጥስ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንመክረው ተቃውሞህን ተናገር፣ ሥራውን ሥራ፣ ቅሬታህን በማግስቱ አስገባ ነው። ሁለቱን ሳንለይ «መብታችሁን አስከብሩ» ብለን ጽፈን ያውቃል። አንድ ልጅ አምኖን ምድብ አልቀበልም አለ። ጉዳዩ የስምምነት ነበር። እሱን ከዲሲፕሊን ለማውጣት የሄድንበት መንገድ አይነገር።

ድካም ሌላ ነው። ለመብረር ብቁ ያልሆነ አብራሪ አይበርም፤ ይህን ከቅሬታ ጋር በአንድ አንቀጽ አታጭቁት።

«ይራዘማል»

አውሮፓ ውስጥ ያልታሰበ ነገር ሲገጥም ካፒቴኑ የዕለቱን የበረራ ሥራ ጊዜ እስከ 2 ሰዓት ማራዘም ይችላል፤ ተጨማሪ አብራሪ ከተመደበ እስከ 3። ከመወሰኑ በፊት ደግሞ ሁሉንም የበረራ ሠራተኞች ስለ ንቃታቸው መጠየቅ አለበት። አንዴ መልእክታችን «እስከ 2 ሰዓት ይራዘማል» ብሎ ወጣ። «ሊራዘም ይችላል» መሆን ነበረበት። ስኬጁሊንግ ያንኑ መልእክት ለካፒቴኖቹ መልሰው ያነቡላቸው ጀመር፦ «የራሳችሁ ማኅበር ይራዘማል ብሏል እኮ!» ምን ትላላችሁ?

ቀኑን መቅበር

ጊዜ የሚያልፍበት ነገር ካለ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይቀመጥ። ምሳሌ ልስጣችሁ። አሜሪካ ውስጥ ባለማወቅ የበረራ ደንብ የጣሰ አብራሪ ለናሳ የአቪዬሽን ደኅንነት ሪፖርት ሥርዓት በ10 ቀን ውስጥ ካሳወቀ፣ ሌሎቹን መመዘኛዎች እስካሟላ ድረስ ጥፋቱ ቢረጋገጥም ቅጣቱ ሊቀርለት ይችላል። ስለ ሥርዓቱ ታሪክና ጥቅም ሦስት አንቀጽ ጽፎ «10 ቀን»ን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው፣ አንባቢው በሆቴል ዋይፋይ እስከዚያ እንደማይደርስ አያውቅም።

የላይሰንስ መድንን በዓመት አንዴ መላክ

የጤና ሰርተፊኬቱ ለታገደበት አብራሪ የሚከፈለውን መድን ማለቴ ነው። ብዙ ጊዜ ውሉ ሲታደስ እንልከዋለን። ያኔ ሁሉም ጤነኛ ስለሆነ ማንም አያነበውም። የሕክምና ምርመራው ሲቃረብ ላኩለት። ሦስት ነገር ብቻ ይመለስለት፦ ክፍያው እስኪጀምር ያለው የመጠበቂያ ጊዜ ስንት ነው? ጊዜያዊ እገዳን ይሸፍናል ወይስ ዘላቂውን ብቻ? ዕድሜ ሲገፋ ክፍያው ይቀንሳል? ከሥሩ ምንም ነገር ከመፈረሙ በፊት የሚደውልበት ስልክ። ሙሉ ፖሊሲውን የፈለገ ይጠይቃል፤ ግድ የላችሁም።

«ስም አልጠቀስንም» ማለት

«ባለፈው ሳምንት በማታ በረራ ላይ የታመመች ካፒቴን» ብለን ጻፍን። በዚያ አውሮፕላን ዓይነት ላይ ያለችው ሴት ካፒቴን አንዲት ናት። ዛሬም ሳገኛት አንገቴን እደፋለሁ።

ዝም ማለት

ድርድር ላይ ሆናችሁ የምትሉት ባይኖርም «እስካሁን አዲስ ነገር የለም» በሉ፤ አለበለዚያ የቴሌግራሙ ቡድን በእናንተ ፋንታ ስምምነት ይፈርማል።

ቀን የሌለው መልእክት፣ ከጭንቅላት የሚሰጥ መልስ

እዚህ ላይ ጥፋተኛው እኔው ነኝ። አንድ ካፒቴን ደመወዝ ተቆርጦበት ደወለልኝ። መንገድ ላይ ነበርኩ። «ቅሬታ ለማስገባት ስንት ቀን አለኝ?» አለኝ። «30» አልኩት፣ ሳላመነታ። በአዲሱ ስምምነት 15 ሆኗል። ድርድሩ ላይ ተቀምጬ ነበር እኮ! በ22ኛው ቀን አስገባ፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ ተመለሰ። ገንዘቡም በዚያው ቀረ። ይባስ ብሎ ቡድኑ ውስጥ ይዞር የነበረው የእኛው ስክሪንሾት አሁንም 30 ይላል። ቀን ስላልነበረው ማንም አሮጌ ነው ብሎ አልጠረጠረም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ልማድ ይዣለሁ። በእያንዳንዱ መልእክት አናት ላይ ቀኑን፣ የየትኛውን ዓመት ስምምነት እንደሚጠቅስና የትኛውን መልእክት እንደሚተካ እጽፋለሁ። ቀኑ ከአናቱ በተጨማሪ ምስሉ ራሱ ውስጥም ይግባ፤ ስክሪንሾት ሲቆረጥ ከላይ ያለው ይጠፋል። ስልክ ለሚደውልም «ሰነዱን ከፍቼ ልደውልልህ» እለዋለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ያሳፍረኝ ነበር።

ካፒቴኑ አልተቀየመኝም። አሁንም ይደውላል። መልስ ስሰጠው ግን ትንሽ ዝም ይልና ይጠይቀኛል፦ «ይሄ ከአዲሱ ነው ከአሮጌው?»