የኮሞዶር 64ን ፍሎፒ ድራይቭ በቤት ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እኔ የምኖረው ጀርመን ነው። እዚህ ኮሞዶር 64 የሚባለው የድሮ የቤት ኮምፒውተር ዛሬም ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አይጠፋም። በቅርጹ የተነሳ ሰዉ "የዳቦ ሳጥን" ይለዋል፤ ኩባንያውም ብራውንሽቫይግ ከተማ ውስጥ ፋብሪካ ነበረው። ኮምፒውተሩ ራሱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የሚያስቸግረው 1541 የሚባለው ፍሎፒ ድራይቩ፣ ዲስኬት የሚገባበት መሣሪያ ነው። ሁለቱም የወጡት በፈረንጆች 1982 ነው፣ ግን ድራይቩ የሚሽከረከር ሞተር፣ ወዲህ ወዲያ የሚል ማንበቢያ፣ ሆዱ ውስጥ ደግሞ የሚግል ትራንስፎርመር አለው። እነዚህ ከ40 ዓመት በኋላ አይታመኑም። በዚያ ላይ ብዙ ጨዋታዎች ቅጂ ለመከላከል ዲስኬታቸው ላይ ሆን ተብሎ የተበላሸ ቦታ ነበራቸው፤ ድራይቩ እዚያ ሲደርስ ማንበቢያውን ከማቆሚያው ጋር ጠጠጠጠ እያደረገ ያጋጨዋል፣ በጊዜ ብዛትም ማንበቢያው ከመስመሩ ይወጣል።

ስለዚህ ሰው ምትኩን ይሠራል። በስሪዲ ፕሪንተር የታተመች ትንሽ 1541፣ ውስጧ ራስፐሪ ፓይ (የካርድ ያህል ትንሽ ኮምፒውተር) ወይም ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ያለቀ ኮምፒውተር)፣ በዲስኬት ፈንታ ኤስዲ ካርድ። ሥራው ደስ ይላል፣ አንድ ቅዳሜና እሁድ ይበቃዋል። የሚያበላሹት ነገሮች ግን ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው።

ትልቁ ስህተት፦ ድራይቩን እንደ ፍላሽ ማየት

ይሄ ከገባችሁ ሌላው ይቀላል። 1541 ፋይል ማስቀመጫ ብቻ አይደለም፣ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ነው። የራሱ 6502 ፕሮሰሰር፣ 2 ኪሎባይት ራም፣ 16 ኪሎባይት ሮም (የፋብሪካው ፕሮግራም ያለበት)፣ ሁለት 6522 የሚባሉ የግብዓትና ውጤት ቺፖች አሉት። ኮሞዶር 64 ውስጥ ያለው 6510 የዚሁ የ6502 ወንድም ነው። በአንድ ኬብል የሚነጋገሩ ሁለት ኮምፒውተሮች ናቸው ማለት ነው።

ይሄ ለምን ይጠቅመናል? ድራይቩ እንደወጣ እጅግ ቀርፋፋ ነበር፣ በሰከንድ 400 ባይት ገደማ። 40 ሺህ ባይት የሆነ ጨዋታ ለመጫን አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ይፈጃል። የመዘግየቱ ሥር ከ64 በፊት የነበረው ቪክ 20 ነው፦ 6522 ቺፑ ቢቶችን በራሱ አሰልፎ የሚልክበት ክፍል እንከን ነበረበትና ሥራው ለሶፍትዌር ተሰጠ፣ አንድ ቢት፣ አንድ ቢት እየተባለ። 64 ላይ ደግሞ የስክሪኑ ቺፕ በየመሀሉ ፕሮሰሰሩን ስለሚያስቆመው ባሰ። ፕሮግራመሮቹ ታዲያ መላ አገኙ። ጨዋታው ሲጀምር የራሱን ትንሽ ፕሮግራም ወደ ድራይቩ ራም ይልካል፣ ድራይቩ የፋብሪካውን ትቶ ያንን ይፈጽማል፣ ፍጥነቱም ብዙ እጥፍ ይሆናል። ፋስትሎደር የሚባለው ይሄ ነው።

አሁን የእናንተ ምትክ ድራይቭ 6502 የሌለው ከሆነ ያ የተላከለት ፕሮግራም ምን ላይ ይሠራል? ምንም ላይ። ኤስዲ2አይኢሲ የሚባለው በማይክሮኮንትሮለር የሚሠራ ንድፍ የድራይቩን ትእዛዞች ይረዳል፣ የታወቁ ፋስትሎደሮችንም ለይቶ በራሱ መንገድ ይመልስላቸዋል፣ የማያውቀው ሲመጣ ግን ይቆማል። ፓይ1541 ደግሞ ራስፐሪ ፓይ 3 ላይ መላውን 1541 በእያንዳንዷ የሰዓት ምት አስመስሎ ያስኬዳል፣ ስለዚህ የተላከለትን ኮድ እንዳለ ይፈጽማል።

ምልክቱን ልንገራችሁ። ማውጫው (የዲስኬቱ የፋይል ዝርዝር) ይመጣል። ጨዋታውም መጫን ይጀምራል፣ የመጀመሪያው ሥዕል ይታያል፣ ከዚያ ጸጥ። ቀይ መብራቷ በርታ ትቀራለች ወይም ትጠፋለች፣ ስክሪኑ ንቅንቅ አይልም። ሰው እዚህ ላይ ሽቦው መስሎት የበየደውን ሁሉ ነቅሎ እንደገና ይበይዳል። ሽቦው ምንም አልሆነም። የመረጠው ንድፍ ነው ለዚያ ጨዋታ የማይሆነው።

እንግዲህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ወስኑ። በቤዚክ (በኮምፒውተሩ የፕሮግራም ቋንቋ) ለመጻፍ፣ ባለ አንድ ፋይል ጨዋታ ለመጫወት፣ የራሳችሁን ሥራ ለማስቀመጥ ከሆነ ኤስዲ2አይኢሲ ይበቃል፣ ርካሽም ነው። ዴሞ (ኮምፒውተሩ የሚችለውን ለማሳየት የተሠራ የሥዕልና የሙዚቃ ፕሮግራም) ማየትና በቅጂ መከላከያ የታጠሩ ጨዋታዎችን መጫወት ከፈለጋችሁ ፓይ1541 ሥሩ። እኔ ብጠየቅ ሁለተኛውን ነው የምለው፣ ምክንያቱም አንድ ቀን ያንን አንድ ጨዋታ መሞከራችሁ አይቀርም።

እግረ መንገዴን፣ የአውሮፓው 64 (ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የሚሠራው) የሚሮጠው በ0.985 ሜጋኸርዝ ነው፣ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ በ1.023፣ ድራይቩ ግን በሁለቱም አገር ልክ በ1 ሜጋኸርዝ። ለአሜሪካው ልክ ተለክቶ የተጻፈ ፋስትሎደር እዚህ አውሮፓ ድራይቩ እውነተኛም ሆኖ ሊከሽፍ ይችላል። ይሄንንም በሽቦ አታሳብቡ።

የኤሌክትሪኩ ነገር

ሁለተኛው ስህተት ድራይቭ አያበላሽም፣ ኮምፒውተሩን ይገድላል። ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ብዙ ሰው ለምትኩ ድራይቭ 5 ቮልት የሚወስደው ከኮምፒውተሩ ጀርባ ካለው የካሴት ወደብ ነው። ለኤስዲ2አይኢሲ ችግር የለውም፣ የሚበላው ጥቂት ነው። ሶኬቱ ግን መሀሉ ላይ መለያ ከሌለው ተገልብጦም ይገባል፤ ላይና ታቹን በቀለም ምልክት አድርጉበት። ራስፐሪ ፓይ 3ን ግን ከዚያ አታብሉት። ለእሱ የሚመከረው 2.5 አምፒር የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ነው፣ የ64 ፓወር ሰፕላይ ደግሞ በ5 ቮልት በኩል የተሠራው ለራሱ ለኮምፒውተሩ ያህል ነው። ፓዩን በራሱ ቻርጀር አብሩት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ጥቁር፣ ከባድ፣ ውስጡ በሙጫ የተሞላ የድሮ ፓወር ሰፕላይ አለ። ሬጉሌተሩ (ቮልቱን ልክ የሚይዘው ክፍል) ሲያረጅ ዝም ብሎ አይጠፋም። ቮልቱን ከፍ አድርጎ ይለቃል፣ በዚያው ቅጽበት የራም ቺፖቹ ይሄዳሉ። ከኮምፒውተሩ ነቅላችሁ 5 ቮልት የሚሰጡትን ፒኖች በቴስተር ለኩ። ከ5.25 በላይ ካሳየ በቃ፣ ወደ ኮምፒውተሩ አይመለስ። ሲለኩ የቴስተሩ ጫፍ ሁለት ፒን አንድ ላይ እንዳይነካ፣ እዚያው ሶኬት ውስጥ 9 ቮልት ኤሲም አለ። ደህና ቢያሳይም ነገ ደህና ይሆናል ማለት አይደለም፤ እኔ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ሳልገዛ ምንም ነገር አልሰካም።

የተገለበጠ ሶኬት

ይሄ በእኔ ደርሷል። የመጀመሪያውን ስሠራ የድራይቩን ኬብል ሶኬት ሥዕል ፊት ለፊቴ ዘርግቼ፣ ስድስቱን ሽቦዎች በቀለም ለይቼ፣ ተጠንቅቄ በየድኩ። ሰካሁት። "መሣሪያው የለም" የሚለው የስህተት መልእክት መጣ። ኮምፒውተሩን ሳጠፋና ሳበራ ግን ድራይቩም አብሮ እንደ አዲስ ይነሳል፣ ስለዚህ ግንኙነት አለ ብዬ አንድ ማታ ሙሉ ሶፍትዌሩ ውስጥ ስፈልግ አመሸሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥዕሉ የሚያሳየው ሶኬቱን ከፊት ነው፣ እኔ ደግሞ የምበይደው ከኋላ ነው። ከኋላ ሲታይ ግራና ቀኙ ይለዋወጣል። በዚህ ባለ 6 ፒን ሶኬት ላይ 1 በ5 ቦታ፣ 2 በ4 ቦታ ይገባል፣ 3ና መሀል ላይ ያለው 6 ግን ቦታቸውን አይለቁም። 2 ግራውንድ ነው፣ 4 ክሎክ፣ 5 ዳታ፣ 3 ኤቲኤን (ኮምፒውተሩ ድራይቩን የሚጠራበት)፣ 6 ሪሴት (እንደ አዲስ የሚያስነሳው)። ሪሴቱ በቦታው ስለነበር ነው ድራይቩ በግማሽ ሕያው የመሰለኝ።

መፍትሔው ሥዕል አይደለም። የተዘጋጀ የኮሞዶር ኬብል ካላችሁ አንዱን ጫፍ ሰክታችሁ፣ ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማበት ላይ አድርጋችሁ፣ ግራውንዱን ከኮምፒውተሩ ግራውንድ ጋር ፈትሹ። ጢጥ ካለ ልክ ነው። ከዚያ ሌሎቹን አንድ በአንድ። 5 ደቂቃ አይፈጅም።

5 ቮልትና 3.3 ቮልት

የፓዩ ፒኖች የሚችሉት 3.3 ቮልት ነው። የ64 መስመሮች 5 ቮልት ናቸው። በቀጥታ ያገናኘ ሰው ለጥቂት ጊዜ የሚሠራ ሊመስለው ይችላል፣ ከዚያ ፓዩ ይሄዳል። መሀል ላይ ሌቭል ሺፍተር (ቮልቱን የሚያመጣጥን ትንሽ ቦርድ) ይግባ፤ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ ይሁን እንጂ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፈው አይሆንም፣ ምክንያቱም በዳታና በክሎክ መስመር ላይ ሁለቱም ወገኖች ይናገራሉ። ቢኤስኤስ138 ትራንዚስተር ያለባቸው ባለ 4 መስመር ትንንሽ ቦርዶች ለዚህ ልክ ናቸው፣ የሚያስፈልጉንም አራት ናቸው፦ ኤቲኤን፣ ክሎክ፣ ዳታ፣ ሪሴት።

የራሳችሁን ኮድ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ያዙ። በዚህ መስመር ላይ ማንም "1"ን በጉልበት አይልክም። መስመሩ በሬዚስተር ወደ ላይ ተይዟል፣ መናገር የሚፈልግ ወደ ግራውንድ ይጎትተዋል፣ ሲጨርስ ይለቀዋል። እናንተ ፒናችሁን ወደ ላይ ስትገፉ ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት ወደ ታች ከጎተተው በመካከላችሁ ሾርት ነው። ፒኑ ወይ ግብዓት ይሁን ወይ ወደ ታች ይጎትት። ሦስተኛ ነገር የለም።

ኮምፒውተሩ በርቶ መንቀልና መሰካት

አታድርጉት። ይህን ዩኤስቢ አስለምዶናል፣ ይሄ ግን ዩኤስቢ አይደለም። የድራይቩ ሶኬት ኮምፒውተሩ ውስጥ 6526 ከሚባለው ቺፕ ጋር በቅርብ የተገናኘ ነው፣ ቺፑ ደግሞ ዛሬ አይመረትም። አጥፉ፣ ንቀሉ፣ ስኩ፣ አብሩ።

ማይክሮኮንትሮለር ለምትጠቀሙ ብቻ

ለኤስዲ2አይኢሲ የሚውለው ኤቲሜጋ644 ማይክሮኮንትሮለር ከፋብሪካ ሲወጣ በውስጥ ሰዓቱ፣ ያውም ለ8 ተካፍሎ፣ በ1 ሜጋኸርዝ ነው የሚሄደው። ፊውዝ ቢቶቹን (የቺፑን መነሻ ቅንብሮች) ሳታስተካክሉ ሶፍትዌሩን ብቻ ብትጭኑበት ቦርዱ ላይ ያለው ክሪስታል (የውጭ ሰዓቱ) ጌጥ ሆኖ ይቀራል። መብራቷ በጣም ዝግ ብላ ብልጭ ካለች መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይሄ ነው።

ካርዱና ፋይሉ

ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነ ካርድ ብዙ ጊዜ ኤክስፋት ሆኖ ይመጣል፣ እነዚህ ድራይቮች ኤክስፋት አያውቁም። ፋት32 አድርጉት። ትልቅ ካርድ ደግሞ ምንም አያደርግላችሁም። አንድ የ1541 ዲስኬት 35 ትራክ (ክብ መስመር)፣ 683 ሴክተር (የመስመሩ ቁራሽ) ነው፣ እያንዳንዱ 256 ባይት። ስታባዙት 174,848 ባይት ይሆናል። ዲ64 የሚባለው የዲስኬት ምስል ፋይልም ልክ ይህን ያህል ነው፣ የስህተት መረጃ ከተጨመረበት 175,531። ባለ 35 ትራክ ነው ተብሎ ሌላ ቁጥር ካያችሁ ፋይሉ ተቆርጧል ወይም ገና ከዚፕ አልወጣም።

በቅጂ መከላከያ የታጠረ ጨዋታ ብዙ ጊዜ በዲ64 አይሆንም። ዲ64 የሚይዘው የሴክተሮቹን ንጹሕ ይዘት፣ ቢበዛ የስህተት መረጃቸውን ነው፣ መከላከያው ግን ብዙ ጊዜ የተደበቀው ዲስኬቱ ላይ ባሉት ጥሬ ቢቶች አቀማመጥ ነው። ለዚያ ጥሬ ቢቶቹን የሚይዘውን ጂ64 ፈልጉ። ለፓይ1541 ደግሞ የ1541ን የ16 ኪሎባይት ሮም ፋይል ካርዱ ላይ ማስቀመጥ አትርሱ፣ ያለሱ አይነሳም።

ሁለት 8 ቁጥር

የድሮውን 1541 ከአዲሱ ጋር ሰንሰለት አድርጋችሁ ከሰካችሁ ኮምፒውተሩ ሁለቱንም የሚጠራቸው በ8 ቁጥር ነው። አንድ ስም ሲጠራ ሁለት ሰው "አቤት" እንደሚለው ነው። አንዱን 9 አድርጉት።

ሳጥኑ

ብዙ ሰው ሳጥኑን አሳምሮ አትሞ ቁልፎቹን ይረሳል። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ዲስኬት ጨዋታ መሀል ላይ "ዲስኬት ቀይር" ይላችኋል። በእውነተኛው 1541 ዲስኬት ሲወጣና ሲገባ ለመጻፍ መፈቀዱን የሚያሳየውን የዲስኬቱን ጠርዝ ቁርጥ (ኖች) የሚያየው ብርሃን ይቋረጣል፣ ድራይቩ መለወጡን የሚያውቀው በዚህ ነው። በምትኩ ላይ ይህን የምታስመስለው አንዲት ቁልፍ ናት፤ ስለዚህ ክዳኑ ከተዘጋም በኋላ ጣት የሚደርስባት ቦታ ላይ ትሁን። መብራቶቹንም በቦታቸው አድርጉ፣ ለኃይሉ አረንጓዴ፣ ለሥራው ቀይ። ቀይዋ ብልጭ ድርግም ስትል ድራይቩ ስህተት አለ እያላችሁ ነው። ፒኤልኤ ፕላስቲክ ደግሞ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፣ ፓይ 3 ያለ መተንፈሻ ከተዘጋበት እዚያ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ከታችና ከኋላ ቀዳዳ ተዉለት።

ክዳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት

ማውጫ ስለመጣ ብቻ አልቋል አትበሉ። 15ኛውን ቻናል (ድራይቩ ስለ ራሱ ሁኔታ የሚናገርበትን) የምታነብ አጭር የቤዚክ ፕሮግራም ጻፉ። የመስመር ቁጥር ስጧት፣ ግብዓት የምታነበው ትእዛዝ በቀጥታ ስትጻፍ አትሠራም። ፓይ1541 ላይ ድራይቩ እንደተነሳ የምትመጣው መልስ "73፣ ሲቢኤም ዶስ ቪ2.6 1541" ናት፣ ከ1541 ሮም የምትወጣዋ ራሷ። ከዚያ ባዶ ዲስኬት ምስል ፎርማት አድርጉ። ማውጫው ታች ላይ 664 ነፃ ብሎክ ማለት አለበት፦ ከ683ቱ ውስጥ የ18ኛው ትራክ 19 ሴክተሮች ለማውጫው ስለተያዙ ነው። ያቺኑ ፕሮግራማችሁን እዚያ ላይ አስቀምጡ፣ ሁሉንም አጥፉ፣ አብሩ፣ መልሳችሁ ጫኗት። ሠራች? ብሎኖቹን አሁን እሰሩ።